እግሩ ይጥና

አቶ እጅጉ ነገርን በቀጥታ የተናገሩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው ቡሬ ውስጥ ተፈልጎ አይገኝም። ከእህል ንግዳቸው ይልቅ የታወቁት በአነጋገራቸው ነው። አንድ ጊዜ አንድ ደላላ አፈር የተቀላቀለበት ጤፍ ይዞ ቢመጣ፣ እፍኝ ዘግነው አገላብጠው አዩና "ወንድሜ፣ ጤፍህ እኮ አገሩን አልረሳም" አሉት። ሰውየው ምስጋና መስሎት ደስ ብሎት ወጣ። የነቃው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ሲያወራላት ነው፤ ያነቃችውም እሷ ናት። እንግዲህ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ሽማግሌ መላክ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ሰምቶ መውጣት አይበቃም፤ ፈትቶ መውጣት ያስፈልጋል።

ባንተአምላክም ይህን አሳምሮ ያውቃልና ሽማግሌዎቹን ሲልክ መሪጌታ ፀጋውን ከፊት አስቀደመ። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። "እንዴት አደሩ?" ቢሏቸው እንኳ ሰሙን ትተው ወርቁን ካላገኙ አይመልሱም ይባላል።

በዚያ እሑድ ከሰዓት አምለሰት ከእልፍኙ ጀርባ ካለችው ጓዳ ከእናቷ ከእትዬ አየለች ጋር ቆማ፣ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጥ ነበር። አምለሰት የአቶ እጅጉ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ ፋርማሲ ተምራ፣ አባቷ በከፈቱላት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ሽማግሌ የላከው ባንተአምላክ ደግሞ የፈረስ ቤት ገበሬ ልጅ ነው። ፍኖተ ሰላም ስፖርት ያስተምራል፤ ቅዳሜና እሑድ የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ድህነቱ ባልከፋ፤ የከፋው ዳኝነቱ ነው። ቡሬ ላይ ዳኛና ሌባ በአንድ አፍ ነው የሚጠሩት። ያውም ይኸኛው ዳኛ ባለፈው ዓመት አቶ እጅጉ ከክብር ወንበር ላይ ተቀምጠው እያዩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ በቡሬ ላይ ፍፁም ቅጣት ምት የሰጠ ሰው ነው። ከተማው ሽማግሌ መላኩን የሰማ ጊዜ "ደግሞ ሊደግማቸው መጣ" ብሎ ስቋል።

መሪጌታ በወጉ ተነሥተው፣ የልጁን ዘር ቆጥረው፣ ጠባዩን አመስግነው፣ "ልጅዎን ለልጃችን" ብለው ተቀመጡ። አቶ እጅጉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ልጁን አውቀዋለሁ። መጀመሪያ እግሩ ይጥና፤ ከዚያ ኑ" አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጠላው ተቀዳ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ መዘጋትና መከፈት ተወራ፤ ሽማግሌዎቹም ተሸኙ።

ፍቺው ጓዳ ውስጥ ተጀመረ። እትዬ አየለች፣ እግሩ የሚጠና ዳዴ የሚል ሕፃን ነው፣ የሰው ሽማግሌ በቤታቸው አስቀምጠው ልጁን ሕፃን ነው ብለው ሰደቡት እንጂ ሌላ ምን አሉ ብለው አዘኑ። መሪጌታ ግን ከበሩ ውጭ ቆም ብለው ወርቁን ባገኘ ሰው ፊት ተነተኑት። እግር መቆሚያ ነው፤ መቆሚያ የሌለው ሰው ቤት አያቆምም፤ የዳኛ መቆሚያው ደግሞ ማዕረጉ ነው። ስለዚህ ልጁ ፌዴራል ዳኛ ይባልና ያን ጊዜ ኑ ማለታቸው ነው። አብረዋቸው የነበሩት ሽማግሌዎች በአድናቆት ራሳቸውን ነቀነቁ።

አምለሰትም በልቧ የፈታችው እንዲሁ ነበር። የአባቷ ልጅ አይደለችም? እንዲያውም ለፌዴራል ዳኝነት የሚያበቃው የሩጫ ፈተና በዚያው ሳምንት ፍኖተ ሰላም ላይ ሊሰጥ ነበርና፣ አባቷ ይህን አውቀው፣ ቀኑን አስልተው የተናገሩት መሰላት። ኩራት ተሰማት። ሁሉም በየፊናው ፈታ፤ ቃሉን እንዳለ ለመውሰድ ያሰበ ግን አልነበረም።

*

እዚህ ላይ ስለ ዳኛ ሥጋ ትንሽ እናውራ፤ ሌላ ማንም አያወራለትምና።

ተጫዋች ሲወድቅ ወጌሻው ቦርሳውን አንጠልጥሎ ይሮጥለታል። ቃሬዛ ይመጣለታል፤ እያነከሰ ሲወጣ ደጋፊው ያጨበጭብለታል። ዳኛ ሲወድቅ ሜዳው በሳቅ ያልቃል። ከሁለቱም ቡድን ጋር ሲሮጥ የሚውለው እሱ ነው፤ ደከመኝ ብሎ አይቀየርም። አመመኝ ቢል ደግሞ ወይ ፈርቶ ነው፣ ወይ በልቶ ነው ይባላል። ስለዚህ አይልም። የሽንዲ ሜዳ ጠጠር፣ የፈረስ ቤት ብርድ፣ የቡሬ ክረምት ጭቃ ሁሉ ጉልበቱና ተረከዙ ውስጥ ተከማችቶ ይቀመጣል።

አምለሰት ይህን የተማረችው ከባንተአምላክ እግር ነው። መጀመሪያ መድኃኒት ቤቷ የመጣው አንድ ሰኞ ነበር። እንደ ሽመላ በአንድ እግሩ ቆሞ የሚቀባ መድኃኒት ጠየቃት። ማን መታህ አለችው። ማንም፣ ሩጫው ነው አላት። ዳኛ ደግሞ ምን ይሮጣል ብላ ሳቀች። እሱ አልተቆጣም፤ ቀና ብሎ አያት ብቻ። አስተያየቱ "አንቺም?" የሚል ነበር፤ አምለሰት ሳቋን የምታደርግበት አጣች። በሚቀጥለው ሰኞ ሲመጣ ወንበር አቀረበችለት።

ከዚያ ወዲያ ሰኞ የእነሱ ቀን ሆነ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላ ትይዝለታለች፣ ፋሻ ታስርለታለች፣ ቅዳሜ ማን እንደሰደበውና ማን ውሃ እንደሰጠው ታስወራዋለች። አንድ ቀን "ቡድን ሁሉ ወጌሻ አለው፤ የኔ አንቺ ነሽ" አላት። "ወጌሻዬ" እያለ መጥራት የጀመረው ያን ጊዜ ነው። በቀልድ ነበር የጀመረው። ቀልዱ ቀስ በቀስ ከቃሉ ላይ ተራገፈና ፍቅሩ ብቻ ቀረ። እሱ ስሟን ቢጠራት እንኳ የተቆጣት እስኪመስላት ድረስ ለመደችው።

የፈተናው ዋዜማ ባንተአምላክ ከፍኖተ ሰላም በሚኒባስ መጣ። ፊቱ የወሰነ ሰው ፊት ነበር። ከቀኝ ተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ከዓምና ጀምሮ ሲያስቸግረው ኖሮ አሁን ብሶበታል፤ ጠዋት ከአልጋው ሲወርድ መቆም ይከለክለዋል። ፈተናውን ለከርሞ ሊያሳድረው አስቧል። መሪጌታ የፈቱትን አልረሳም፤ አባቷ ይጠብቁት ይሆናል፤ ካልጠበቁም ደግሞ አለና ንግግሩን ሳይጨርስ ተወው።

ከርሞ የማን ነው? አለች አምለሰት በልቧ። እናቷ ባሕር ዳር ያለ የአንድ ነጋዴ ልጅ ስም ማንሣት ጀምረዋል። አባቷ ደግሞ በራቸውን ገርበብ አድርገው ኑ ብለዋል፤ ዓመት ሙሉ ገርበብ ብሎ የሚቆይ በር የለም። "ተቀመጥና ልየው" አለችው።

ጅማቱን በሁለት ጣቷ ያዘችው። አንባቢ ይህችን ቅጽበት ልብ ይበል፤ አምለሰት ከዚያ ወዲህ ተኝታም ተነሥታም የምትመለሰው ወደዚች ነው። ጅማቱ አብጧል። መሐሉ ላይ ጣቷ ዝቅ የሚልበት፣ የለሰለሰ ቦታ አገኘች። ባንተአምላክ ጥርሱን ነከሰ እንጂ ድምፅ አላወጣም። እሷም አወቀች። እንዲህ ያለው ጅማት የሚያመው ሰውየው እንዳይሮጥበት ነው፤ ሕመሙን ያደነዘዙለት እንደሆነ መጠንቀቁን ይረሳል፣ ከዚያ ይበጠሳል። ይህን ተምራዋለች፤ ለስንቱ ገበሬና ለስንቱ ተሸካሚ መክራበታለች።

"እንዴት ነው ወጌሻዬ?" አላት።

"ትንሽ እብጠት ናት። ነገ ጠዋት አንድ መርፌ እወጋሃለሁ፤ ሳይሰማህ ትሮጣለህ።"

"አይጎዳኝም?"

ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። "አይጎዳህም" አለችው።

ባንተአምላክ ተጎዳሁ ብሎ ሣር ላይ የሚንከባለለውን ተጫዋች በሩቁ ለይቶ በካርድ የሚያስነሣ ሰው ነው። ማስመሰል ያውቃል። እሷን ግን አልጠረጠራትም። ለከርሞ ያለውን ነገር ዳግም ሳያነሣ፣ ሸክም እንደወረደለት ሰው ቀለል ብሎት፣ ሚኒባሱን ተሳፍሮ ሄደ።

*

በማግሥቱ ከሜዳው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት ጓዳ ወጋችው። እጇ አልተንቀጠቀጠም፤ ኋላ ባሰበችው ቁጥር የሚያማት ይኸም ጭምር ነው።

ሮጠ። ከስንት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተረከዙን ሙሉ ለሙሉ እየረገጠ ሮጠ። እየዞረ በአጠገቧ ባለፈ ቁጥር ፈገግ ይልላታል፤ እሷም ታጨበጭባለች። እንዲያውም እንደዚያ ሲሮጥ ስታየው፣ ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት እውነትም ትንሽ እብጠት ናት እያለች ራሷን ሸነገለች። ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው በቀኝ እግሩ ተስፈንጥሮ ሊፈጥን አለና፣ ደረቅ እንጨት እንደሚሰበር ያለ ድምፅ ተሰማ።

ባንተአምላክ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። ድንጋይ የተወረወረበት መስሎት ነው። ዳኛ ነውና ልማዱ ነው፤ ከኋላ ሲመታ መጀመሪያ የሚያየው ወደ ተመልካች ነው። ከኋላው ግን ማንም አልነበረም። ሊራመድ ሲል እግሩ ከዳውና ወደቀ። ሰው ሲሰበሰብበት "ማን ነው የወረወረብኝ?" ይል ነበር። የሰሙት እርስ በርሳቸው ተያዩ። አምለሰት መልሱን ታውቀዋለች፤ እጇን አፏ ላይ ጭና ዝም አለች።

ባሕር ዳር ወስደው ጅማቱን ሰፉለት፤ እግሩም በጀሶ ታሰረ። ሐኪሙ፣ ሲድን ደህና አድርጎ ይራመዳል፣ ዳኝነቱን ግን ይርሳው አለ። ይህን ለአምለሰት የነገራት ራሱ ባንተአምላክ ነው፤ በስልክ። ድምፁ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ነበር። አንቺ ያን ያህል ደክመሽልኝ፣ ሥራሽን ዘግተሽ መጥተሽ፣ በሰው ፊት አሳፈርሁሽ፤ ያንችንም የአባትሽንም ተስፋ መሬት ጣልሁት፤ ይቅር በይኝ አላት። አምለሰት አፏን ከፈተች። ሊወጣ የነበረውን ነገር ግን ወደ ውስጥ መለሰችው። "አይዞህ" አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምግብ አልረጋላት አለ።

እናቷ ፍቅር ነው አሉ። ሰው ሁሉ አዝና ነው አለ። ስታዝን ማየታቸው ይበልጥ አስጨነቃት፤ ባዘነላት ሰው ፊት ሁሉ የሰው ገንዘብ እንደያዘች ሆነች። መድኃኒት ቤቷ ሰው መርፌ ሊወጋ ሲመጣ ወደ ጤና ጣቢያው ትልከው ጀመር።

አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ አባቷ የባንተአምላክን ነገር አነሡ። ፊታቸው ከፍቶታል።

"እኔ እኮ መጀመሪያ እግሩ ይጥና ብዬ ነበር" አሉ።

"ብለዋል አባባ" አለች አምለሰት። "እሱም እንዲጠናለት ብሎ ነው የሮጠ።"

"እየሮጠ እንዴት አድርጎ ይጠናለታል?"

አምለሰት የያዘችው ቁራሽ እጇ ላይ ቀረ። አቶ እጅጉ ቀጠሉ። ቡሬ ላይ ሲያጫውት አይተውታል፤ ቀኝ ተረከዙን መሬት አያስነካም ነበር። ያንን ፍፁም ቅጣት ምት የሰጠው እንኳ እያነከሰ ቦታው ድረስ ሮጦ፣ በቅርብ አይቶ ነው፤ እውነቱን ነው የሰጠው፤ እሳቸውም ልጁን የወደዱት ያን ጊዜ ነው። አንድ ዓመት አልፎትም እያነከሰ ስላዩት፣ ሙሽራ እያነከሰ አይገባም፣ ይረፍ፣ ይታከም፣ ሲድን ቀን እንቆርጣለን ብለው ነው ለሽማግሌዎቹ የነገሯቸው።

"ወርቁስ?" አለች አምለሰት።

"ምን ወርቅ አለው ልጄ? ሰም ነው።"

አቶ እጅጉ፣ አንድ ቀን ደርሶብኝ በቀጥታ ብናገር ሰው ልሰብር ነው እንዴ ብለው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። አምለሰት ተነሥታ ወጣች። በሩ ገርበብ ያለ መስሏት ነበር፤ ለካ ወለል ብሎ ተከፍቶ ኖሯል። ለካ ለከርሞ ቢያሳድረው፣ ያን ቀን እንዳሰበው ቢያርፍ፣ ከዚህ ሌላ የተጠየቀ ነገር አልነበረም። እሱ በገዛ ልቡ የደረሰበትን ትክክለኛ መንገድ ያስለቀቀችው እሷ ናት። መድኃኒት ቤቱን ሳትከፍት ወደ መናኸሪያ ሄደች።

*

የፍኖተ ሰላሙ የኪራይ ግቢ በር ላይ የተቀበሏት የባንተአምላክ እናት እማማ አደይ ናቸው። ልጃቸውን ሊያስታምሙ ከፈረስ ቤት ወርደው ከርመዋል። አይተዋት አያውቁም፤ ግን አልጠፋቻቸውም። ሁለቱን እጆቿን ይዘው መዳፏን ሳሙት።

"እጅሽ ይባረክ ልጄ" አሉ። "ነግሮኛል። መርፌ ወግተሽ ሕመሙን ባታሲዥለት ያን ያህልስ መች ይሮጥ ነበር? መጨረሱን እግዜር አላለውም እንጂ ያንቺ ጥፋት አይዶለም። ወጌሻዬ ናት ይላል፤ ስምሽን ጠርቶ አይጠግብም።"

አምለሰት ጉንጫቸውን ለመሳም እንዳጎነበሰች ቀረች። ሴትዮዋ መንገድ ደክሟት መሰላቸውና ደግፈው ወደ ቤት አስገቧት፤ ሁለቱን ብቻቸውን ለመተው ብለውም ምስር የተሰፈረበትን ሰፌድ ይዘው ወደ ግቢው ወጡ።

ባንተአምላክ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሏል። ከስቷል። ሲያያት ፊቱ በራ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረና ዓይኑን ወደ ጀሶው መለሰ። ያችን እፍረት ማየት ለአምለሰት ከስድብ ባሰባት። ወንበር ቢያሳያትም አልተቀመጠችም።

"ባንተ፣ ያን ዕለት ድንጋይ የተወረወረብህ መስሎህ ነበር አይደል?"

"እስካሁንም እንደዚያ ይመስለኛል። ለምን?"

"እኔ ነኝ የወረወርሁብህ።"

ሳቅ አለ። አንቺ እኮ ዒላማ የለሽም ሊላት ነበር፤ ፊቷን ሲያይ ተወው።

"ጅማትህን ስይዘው ሊበጠስ የደረሰ መሆኑን አውቄያለሁ" አለች። "ትንሽ እብጠት ናት ያልሁህ ውሸቴን ነው። አይጎዳህም ያልሁህ ውሸቴን ነው። ለከርሞ ልታሳድረው መጥተህ ነበር፤ ከርሞ እንዳላጣህ ፈርቼ ባንተ እግር ተወራረድሁ።"

ከውጭ ምስሩ ሰፌድ ላይ ሲንገዋለል ይሰማል።

"ስትይዢው ነው ያወቅሽው ወይስ ኋላ ስታስቢው?" አላት። የጠየቀበት ድምፅ የሜዳ ድምፁ ነው፤ ረዳት ዳኛውን ጠርቶ ያየውን የሚጠይቅበት።

"ስይዘው።"

ራሱን ነቀነቀ። አምለሰት ከዚህ በኋላ ያለውንም ሳታስቀር ነገረችው፤ አባቷ ምን ብለው እንደነበር፣ ምን ማለታቸው እንደነበር። ወርቅ እንዳልነበረው። ባንተአምላክ መጀመሪያ የሰማው አልመሰለውም። "ሰም ነው?" አለ። ከዚያ መሪጌታ ወርቁን ሲተነትኑለት ትዝ ብሎት ሳቀ። ጀሶው እስኪነቃነቅ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳቀ፤ ሳቁ ሲያልቅ እንባው ቀረ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሲናገርም አላያትም።

"እግሩስ እግር ነው። ዛሬ ባይበጠስ ነገ ይበጠስ ነበር፤ እኔም ሕመሜን ደብቄ ስሮጥበት ኖሬያለሁ። ግን ደውዬ አሳፈርሁሽ፣ ይቅር በይኝ ስልሽ፣ ዝም ብለሽ ተቀበልሽኝ። የኔ ያልሆነ ጥፋት ተሸክሜ እዚህ ጣሪያ ሳይ ከረምሁ። አንቺ ታውቂ ነበር። እሱ ነው የከበደኝ አምለሰት።"

በስሟ ጠራት። አልጋው አጠገብ ተንበርክካ እጇን ወደ እጁ ሰደደች። እጇን አልያዘላትም፤ እጁንም አላሸሸባትም። ሁለቱም እጆች ብርድ ልብሱ ላይ ተቀራርበው ተቀመጡ፤ በዚያች ጥቂት ክፍተት ውስጥ አምለሰት የኖረችበት ሰኞ ሁሉ አለቀ መሰላት።

"ልሂድ?" አለች።

ወደ በሩ፣ ወደ ግቢው አየ።

"እማ እጅሽን ሲመርቁልሽ ሰምቻለሁ" አላት። "ይህን አንቺው ንገሪያቸው።"

ከአልጋው እስከ ግቢው ያለው መንገድ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ካለው ረዘመባት። እማማ አደይ ከጥላው ሥር መደብ ላይ ተቀምጠዋል። አምለሰት ፊት ለፊታቸው ቆመች፤ ለራሷ አላደላችም፣ ነገሩንም አላለዘበችም። ለእሱ እንደነገረችው አድርጋ ነገረቻቸው። ያውቁ ዘንድ የሚገባውን አንዱንም አላስቀረችም። ስትናገር የሴትዮዋ ጣቶች ምስሩ ላይ እንዳሉ ቆሙ። ጨርሳ ስታበቃም ጣቶቹ አልተንቀሳቀሱም።

"እሱ ሰማ?" አሉ በመጨረሻ።

"ሰምቷል።"

"ሂጂልኝ አለሽ?"

"አላለኝም። ለእማ አንቺው ንገሪያቸው ነው ያለኝ።"

እማማ አደይ ወደ ተዘጋው መስኮት አዩ። ፊታቸው ላይ የነበረው ደግነት ጠፍቶ፣ ድካምና ዕድሜ ብቻ ቀርቶ ነበር።

"እንግዲያ አልለቀቀሽም" አሉ። "ሊተውሽ ቢያስብ የኔ ማወቅ ምን ይረባዋል? ዝም ብሎ ይሸኝሽ ነበር። ከምራቴ ጋር በውሸት እንዳልኖር ብሎ ነው እንጂ።"

አምለሰት ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች። ሴትዮዋ ግን እጃቸውን አነሡ፤ ገና አልጨረስሁም ማለታቸው ነው።

"እኔ ግን አልማርሁሽም። ልጄን ነው የሰበርሽው። ቶሎም የምምርሽ እንዳይመስልሽ።"

"እሺ እማማ።"

"በይ ተቀመጭ። ዓይኔ አያይም፤ ጠጠሩን ልቀሚልኝ።"

አምለሰት መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሰፌዱን ተሳሳቡትና ግማሹ በእሷ ጭን፣ ግማሹ በእሳቸው ጭን ላይ ሆነ። እንባዋ ምስሩ ላይ ሲወርድ እማማ አደይ አዩ፤ አላባበሏትም፤ ሰፌዱንም አልነጠቋትም። ገና ካልማሯት ሴት ጎን ተጠግታ ጠጠር ስትለቅም፣ መርፌውን ከወጋች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች።